የበጋ እርሻ በጎጃም፦ ስሌቱን ከመጋቢት ጀምሩ

ጥቅምት ላይ ጎጃምን ያየ ሰው ውሃ የሚባል ነገር ያልቃል ብሎ አያስብም። ምንጩ ይንፎለፎላል። ወንዙ ገና አልጎደለም። ሜዳው ለምለም ነው። የምንሳሳተውም ያኔ ነው። «ይህን ሁሉ ውሃ ይዤ አንድ ቃዳ ብቻ?» እንልና ሁለት ቃዳ፣ ማለትም ግማሽ ሄክታር፣ ሽንኩርት እንተክላለን። መጋቢት ሲገባ ያው ምንጭ እንደ ሕፃን ሽንት ይቀጥናል። ሽንኩርቱ ኩርቱን ሊሞላ ሲል ይጠማል። መጨረሻ ላይ ከሁለቱ ቃዳ የሚለቀመው አንዱን ብቻ በደንብ ብናለማ ከምናገኘው ያንሳል።

እኔ ይህን የተማርኩት በራሴ ኪሳራ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ አካባቢ ባለው የቤተሰቤ መሬት ላይ በጋ በመጣ ቁጥር የሆነ ነገር እተክላለሁ። አንዱን ዓመት ውሃ አልቆብኛል። አንዱን ዓመት ውርጭ መትቶብኛል። አንዱን ዓመት ደግሞ ሁሉም ሰምሮልኝ ዋጋ ወድቆብኛል። ለሦስተኛው መላ የለኝም። ለሁለቱ ግን አለኝ፤ ይኸው።

በጋ ሁለት ነው

በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር በጋ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 ነው፤ ከዚያ በፊት ያለው መፀው ይባላል። የሜትሮሎጂ ሰዎች ደግሞ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለውን በጋ ብለው ቀጣዮቹን አራት ወራት በልግ ይሏቸዋል። ሁለቱም አቆጣጠር የራሱ ምክንያት አለው። በመስኖ ለሚያርስ ሰው ግን የሚጠቅመው ሌላ አከፋፈል ነው፦ ቀዝቃዛው በጋ እና ትኩሱ በጋ።

ቀዝቃዛው ከኅዳር እስከ ጥር አጋማሽ ይዘልቃል። ሰማዩ ጥርት ይላል። ቀን ፀሐዩ ይለበልባል፣ ማታ ጥርስ ያንገጫግጫል። ደመና የምድር ጋቢ ነው። ክረምት ላይ ምድር ጋቢዋን ተከናንባ ታድራለች። በበጋ ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው አየር ደረቅ ስለሆነ ደመና አይሠራም። ቀን የሞቀው አፈር ሌሊቱን ሙሉ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ሲለቅ ያድራል። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚባለው በከንቱ አይደለም፤ ብርዱ የሚጀምረው ያኔ ነው።

ትኩሱ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ያለው ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳል። አየሩ ከቅጠሉም ከአፈሩም እርጥበት ይመጥጣል። ተክሉ የሚፈልገው ውሃ በሚጨምርበት ሰዓት ምንጩ ይቀንሳል። የበጋ ገበሬ ጣጣ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ባሕር ዳር አካባቢ በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል። አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ነው። ስለዚህ በበጋ የምናጠጣው ውሃ ክረምት የቆጠበልን ነው። ክረምቱ ከሳሳ ወይም ቶሎ ከወጣ በጋው ከመግባቱ በፊት ዕጣው ተቆርጧል ማለት ነው። በ2007 ዓ.ም. ክረምት በኤልኒኖ ምክንያት ዝናቡ በብዙ የአገሪቱ ክፍል ሲሳሳ የጠፋው የመኸር ሰብል ብቻ አልነበረም፤ የቀጣዩ በጋ ምንጭም አብሮ ነው የጎደለው።

1. ቦታችሁን እወቁ

ከፍታ በ100 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ በ0.6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር፣ ደብረ ማርቆስ 2,450 ሜትር አካባቢ ናቸው። ልዩነቱ 4 ዲግሪ ገደማ ነው። 4 ዲግሪ ቀን ላይ ምንም ማለት አይደለም። ሌሊት ላይ ግን ቲማቲሙን የምታድነውም የምትገድለውም እሷ ናት። ወደ ጮቄ ተራራ ጥግ ያለ ሰውና ከደጀን ቁልቁል ወደ ዓባይ በረሃ የወረደ ሰው አንድ ዓይነት የበጋ ምክር ከተቀበሉ አንዱ መክሰሩ አይቀርም። ከፍታውን ለማወቅ ስልክ ይበቃል፤ ከፍታ የሚያሳይ የኮምፓስ መተግበሪያ አውርዱና ማሳው መሃል ቆማችሁ እዩ።

ከፍታው ብቻ ግን አይበቃም። ጎድጓዳነቱም መታየት አለበት። ይህን ያስተማሩኝ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ድንች ልተክል ወንዝ ዳር ያለውን መሬት መርጬ ነበር። አፈሩ ጥቁር ነው፤ ለሞተሩም ቅርብ ነው። አጎቴ በትራቸውን ተደግፈው አዩኝና፣

«አንተ ልጅ፣ ታኅሣሥ ላይ ከብቶቹ የት እንደሚተኙ አይተሃል?» አሉኝ።

«ወደ ላይ ነው መሰለኝ።»

«ታዲያ አንተ ለምን ወደ ታች ወረድህ?»

«አያ፣ ውሃው እኮ እዚህ ነው» አልኳቸው።

«ውሃውም ብርዱም እዚህ ነው» ብለው ሄዱ።

ሰው ልብ ካላለ ምክር ምን ያደርጋል! ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ አንድ ጠዋት ስደርስ ማሳው ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስል ነበር። አመዳይ ነው። ቅጠሉን ስነካው ቀጭ ቀጭ ይላል። ፀሐይ ስትወጣ ነጩ ሟሟ፤ እኔም ተረፈ ብዬ ደስ አለኝ። አራት ሰዓት ላይ ቅጠሉ እንደ ተቀቀለ ጎመን ተልፈስፍሶ ጠቆረ። ከዚያ ሠላሳ እርምጃ ወደ ላይ ያለው የአጎቴ ድንች አንድ ቅጠል አልተነካም። ሰላም ሲሉኝ ስለ ድንቹ ምንም አላነሱም፤ እሱ ነው የባሰው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውሃ ወደ ታች ይፈስሳል። ጎድጓዳ ቦታ ሲያገኝ ይተኛል። ከማሳው በታች ጥቅጥቅ ያለ የባሕር ዛፍ መደዳ ወይም አጥር ካለ ደግሞ እንደ ግድብ ያቁተዋል። ስለዚህ ኅዳር ላይ ነፋስ በሌለበት ቀን፣ ጎህ ሲቀድ ማሳችሁን ከላይ እስከ ታች በእግር ውረዱት። የት ላይ ብርዱ ድንገት እንደሚጨምር ቁርጭምጭሚታችሁ ይነግራችኋል። እዚያ ላይ ድንችና ቲማቲም አይተከልም። ነጭ ሽንኩርት፣ ጥቅል ጎመን፣ ካሮት ይሁን። ከታች ያለው አጥር ላይም ብርዱ የሚወጣበት በር ክፈቱ።

2. ውሃውን በባልዲ ለኩ

ይህኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነውና።

ምንጩን ወይም ቦዩን በቆርቆሮ ወይም በቱቦ አንድ ቦታ ላይ ሰብስቡት። ከሥሩ ባለ 20 ሊትር ባልዲ አስቀምጡ። በስልክ ሰዓት እየያዛችሁ ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ ቁጠሩ። ሦስት ጊዜ ደጋግሙና መካከለኛውን ያዙ። በ10 ሰከንድ ከሞላ ውሃችሁ በሰከንድ 2 ሊትር ነው፤ በሰዓት 7,200 ሊትር ማለት ነው።

አሁን ተክሉ የሚፈልገውን እንይ። 1 ሚሊ ሜትር ውሃ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ነው። አንድ ቃዳ ሩብ ሄክታር፣ ማለትም 2,500 ካሬ ሜትር ነው። በወይና ደጋ ያደገ ሽንኩርት በኅዳርና በታኅሣሥ በቀን 4 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ በመጋቢት 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይፈልጋል ብላችሁ አስቡ። በኅዳር በቀን 10,000 ሊትር ሆነ። በየ6 ቀኑ የምታጠጡ ከሆነ 60,000 ሊትር። በቦይ ስናጠጣ ደግሞ በመንገድ የሚሰርግ፣ ከማሳ የሚያመልጥ ብዙ ነው። ከለቀቅነው መቶ እጅ ስልሳው ሥር ጋ ከደረሰ ጥሩ ነው። ስለዚህ መልቀቅ ያለብን 100,000 ሊትር ነው።

ተራችሁ በየ6 ቀኑ 12 ሰዓት ነው እንበል። በሰከንድ 2 ሊትር ሲሆን 86,400 ሊትር ታገኛላችሁ። አንድ ቃዳ ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው፤ ደህና ነው።

መጋቢት መጣ። ባልዲው በ20 ሰከንድ መሙላት ጀመረ። ያው 12 ሰዓት አሁን 43,200 ሊትር ብቻ ይሰጣል። ቃዳው ግን 125,000 ሊትር ይፈልጋል። ያንኑ ተራ፣ ያንኑ ምንጭ ይዛችሁ ማጠጣት የምትችሉት የቃዳውን ሲሶ ያህል ብቻ ነው። ጥቅምት ላይ ያየነው ውሃ ያታለለን በዚህ ልክ ነው።

ስለዚህ የምትተክሉትን ስፋት በጥቅምት ውሃ አትወስኑ። ያለፈው ዓመት መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ስንት እንደነበረ ጠይቁ። ራሳችሁ ካልለካችሁ ተራ የሚያከፋፍሉትን የውሃ አባት ጠይቁ። እሳቸው በሰከንድ አይነግሯችሁም፤ «መጋቢት ላይ ከእንትና ማሳ አያልፍም» ይሏችኋል። ለመነሻ ይበቃል። ወይም ደግሞ ሰብሉ ከመጋቢት በፊት እንዲደርስ አድርጉ፤ ወደዚያ እንመጣለን።

ከግድብ የሚጠቀም ሰው ይህ ጣጣ በተወሰነ ደረጃ ቀሎለታል። ሜጫ ያለው የቆጋ ግድብ 7,000 ሄክታር እንዲያጠጣ ታስቦ የተሠራ ነው፤ ሌሊት የሚወርደውን ውሃ የሚያቁሩ ኩሬዎችም አሉት። ግን እዚያም ቢሆን የቦዩ ጫፍ ላይ ያለ ሰውና መነሻው ላይ ያለ ሰው አንድ አይደሉም። ጫፍ ላይ ከሆናችሁ የፕሮግራሙን ወረቀት ሳይሆን ባልዲውን እመኑ።

3. አፈሩን በእጅ ያዙት

ላዩ ደረቀ ማለት ተክሉ ተጠማ ማለት አይደለም። ላዩ ረጠበ ማለትም ጠጣ ማለት አይደለም። በመቆፈሪያ አንድ ስንዝር ያህል ቆፍሩ፤ ለቲማቲም ሁለት ስንዝር። ከሥር ያለውን አፈር ጨብጡት። ድቡልቡል ሆኖ ከቆየ፣ በአውራ ጣት ስትጫኑት ካልተፈረፈረ ገና ነው። ድቡልቡል ሆኖ ሲነኩት ከተሰነጠቀ ነገ ወይም ዛሬ ማታ ይጠጣ። ጭራሽ አልያያዝ ካለ ዘግይታችኋል።

ቀዩ አፈር ውሃ ቶሎ ያስገባል፣ ቶሎም ይለቃል። መረሬው፣ ጥቁሩ ዋልካ፣ ግን ቀስ ብሎ ይጠጣል፣ ይዞ ይቆያል፣ ሲደርቅ ደግሞ እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። መረሬ ላይ ስንጥቁ ከመክፈቱ በፊት አጠጡ። አንዴ ከከፈተ የምትለቁት ውሃ በስንጥቁ ወደ ጥልቁ ነው የሚገባው፤ ሥርም ይበጥሳል።

ውሃ የሌለው ሰውም መረሬ ካለው ባዶ እጁን አይቀርም። ክረምቱ ሲወጣ፣ መስከረም ላይ ሽምብራና ጓያ ዘርቶ አፈሩ በያዘው እርጥበት ብቻ ማድረስ አባቶቻችን የሚያውቁት ነገር ነው። ጤዛውም ያግዛል። እዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም፤ ከእኔ ይልቅ የእናርጅ እናውጋና የእነማይ ገበሬዎች ያውቁታል።

4. ሰብሉንና ቀኑን ምረጡ

ሁለት ነገር መሸሽ አለባችሁ፦ ለጋው ተክል ወይም አበባው ውርጭ ላይ እንዳይወድቅ፣ ፍሬ የሚሞላበት ጊዜ ደግሞ ውሃ ካለቀበት ወር ጋር እንዳይገጥም። በእኛ ሰፈር የውርጩ ጊዜ «ከቁስቋም እስከ ጥምቀት» ይባላል፤ ከኅዳር 6 እስከ ጥር 11 መሆኑ ነው። የእናንተ ሰፈር የራሱ አለው፤ ሽማግሌ ጠይቁ።

ሽንኩርት ብርድ ይችላል። ችግኙ መደብ ላይ ስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይቆያል፣ ከተዛወረ በኋላ እንደ ዝርያው ከሦስት እስከ አራት ወር ይፈልጋል። ቦምቤ ሬድ ከአዳማ ሬድ ቀደም ብሎ ይደርሳል። መስከረም ላይ መደብ ያወጣ ሰው ኅዳር ላይ ያዛውራል፣ የካቲት መጨረሻ ወይም መጋቢት ላይ ያነሳል። ጥቅምት መጨረሻ መደብ ያወጣ ግን ሚያዝያ ውስጥ ይገባል። ያቺ አንድ ወር መዘግየት ከላይ ያሰላነው፣ ሲሶውን ብቻ የሚያጠጣ ውሃ ላይ ትጥላችኋለች። ዝናብ አልቆም ብሎ መደቡን እንዳያበሰብስባችሁ ከፈራችሁ መደቡን ከፍ አድርጉና የሣር ዳስ ሥሩለት።

ድንች ቅጠሉ በውርጭ ይሞታል። ጎድጓዳ ባልሆነ ቦታ መስከረም መጨረሻ ተክሎ ታኅሣሥ ላይ ማንሳት፣ ወይም ጥር ላይ ተክሎ ሚያዝያ ላይ ማንሳት ነው። ሁለተኛው ውሃ ይበላል። ጉዳኔና በለጠ ጥሩ ዝርያዎች ናቸው። በመስመር መካከል 75፣ በተክል መካከል 30 ሳንቲ ሜትር።

ቲማቲምና ቃሪያ ከ2,000 ሜትር በታች ላለ ሰው ደስ ይላሉ። ደጋ ላይ በታኅሣሥ ቲማቲም መትከል ቁማር ነው።

የበጋ ስንዴ የሚዘራ ሰው ሦስት ጊዜ ውሃ እንዳይጎድልበት ይጠንቀቅ፦ ከተዘራ ሦስት ሳምንት ገደማ ሲሆነው፣ ሲያብብ እና እሸቱ ሲሞላ። ያበበ ስንዴ ውርጭ ከመታው አገዳው ያምራል፣ ውስጡ ባዶ ይሆናል።

ስለ ገበያ አንድ ቃል። ሁሉም ሽንኩርቱን ለፋሲካ ነው የሚያደርሰው። ፋሲካ ላይ ፈላጊው ብዙ ነው፤ አቅራቢውም ያንኑ ያህል። እኔ በሑዳዴ መጀመሪያ መሸጥ እመርጣለሁ። ስሳሳት ግን ታይቻለሁ።

5. ሲያጠጡ

ማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ አጠጡ። በቀትር የሚለቀቅ ውሃ ግማሹ የፀሐይ ቀለብ ነው ይባላል፤ ግማሹ እንኳ ባይሆን ብዙ ይባክናል። ቦዩን አታስረዝሙ። ቀይ አፈር ላይ ከ30 ሜትር በላይ የሆነ ትልም መነሻው ላይ ያለው ተክል ሲሰጥም ጫፉ ላይ ያለው ሲጠማ ይኖራል። ውሃው ጫፍ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ዝጉት፤ የቀረውን በራሱ ይደርሳል። ለሽንኩርት በሁለት ረድፍ መካከል 20፣ በቦዩ በኩል 40፣ በተክል መካከል ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ይያዝ።

በየቀኑ ጠብ ጠብ ማድረግ ደግነት አይደለም። ሥሩ ላይ ላዩን ይቀርና አንድ ተራ ሲያመልጣችሁ ሁሉም ይደርቃል። ጠለቅ አድርጎ ማጠጣት፣ ከዚያ መተው ነው።

ውሃ ካጠረ የጎረቤት ጠብም አይቀርም። ሌሊት ቦይ የሚሰብር ሰው በየሰፈሩ አለ። ተራችሁ ሌሊት ከደረሰ አብራችሁ እደሩ፤ የውሃ አባቱን ደውሎ ከመቀስቀስ ጋቢ ይዞ ማደር ይቀላል።

6. የውርጭ ሌሊት

ምልክቱ አራት ነው። ቀኑን ደመና አልነበረም። ማታ ነፋሱ ጭጭ ብሏል። ኮከቡ ሁሉ ቅርብ መስሎ ይታያል። አየሩ ደረቅ ነው፤ ከንፈር ይሰነጥቃል። አራቱ ከተገጣጠሙ እንዳትተኙ።

ርካሽ ቴርሞሜትር ካላችሁ ማሳው ውስጥ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት። በቁመት ልክ የተሰቀለው 3 ዲግሪ ሲያሳይ መሬቱ ላይ 0 ሊሆን ይችላል። ቴርሞሜትር ከሌለ ጠፍጣፋ ሳህን ላይ ትንሽ ውሃ አድርጋችሁ ማታ ማሳው ላይ አስቀምጡ። ጠዋት ስስ በረዶ ከያዘ ሰማዩ ሳይለወጥ ቀጣዩም ሌሊት ያሰጋል።

የሚደረገው ይህ ነው።

ሥጋት ባለበት ሰሞን ረፋድ ላይ አጠጡ። እርጥብ አፈር ከደረቅ አፈር ይልቅ የቀኑን ሙቀት ይይዛል፣ ሌሊትም ቀስ ብሎ ይለቀዋል። ግን ረፋድ ላይ ይሁን፤ ፀሐዩ እንዲያሞቀው።

ጉዝጓዝ፣ አፈሩን የሸፈናችሁበት ገለባ፣ ካለ ገለል አድርጉት። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። ገለባ አፈሩን ከፀሐይ እንደሚከልለው ሁሉ ሌሊትም የአፈሩን ሙቀት አፍኖ ይይዘዋል፤ ቅጠሉ ከላይ ብቻውን ይቀዘቅዛል። በውርጭ ሳምንታት ጉዝጓዙ ከተክሉ ሥር ወደ ጎን ይደርደር።

ትንሽ ማሳ ወይም መደብ ከሆነ በጆንያ ወይም በሣር ሸፍኑ፤ ከፀሐይ መግቢያ በፊት። ላስቲክ ከሆነ ቅጠሉን እንዳይነካ ቀስት አበጁለት። ጠዋት ሁለት ሰዓት ገደማ ግለጡት።

ሞተር ያለው ሰው ከሌሊቱ ስምንት ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ በቦዩ ውሃ ቢለቅ ይረዳል። ከምንጭ የሚመጣ ውሃ ከአየሩ ይልቅ ሙቅ ነው።

ጭስስ? ኅዳር 12 ሲታጠን አይታችኋል። ልማዱ በ1911 ዓ.ም. ከነበረው የኅዳር በሽታ ጋር ይያያዛል። አንዳንድ ሰው ውርጭንም በጭስ ያባርራል። እውነቱን ለመናገር ጭስ እንደ ደመና ሙቀት አይመልስም። እሳቱ ራሱ ትንሽ ያሞቃል፣ ጭሱ ግን ዓይን ከማስለቀስ በቀር ብዙ አይረዳም። ማገዶውን ለቡና ያዙት።

ከመታ በኋላ ቸኩላችሁ አትንቀሉ። እኔ ያን ቀን በንዴት ግማሹን ድንች ነቀልኩት። ያልነቀልኩት ግማሽ በሁለት ሳምንቱ ከሥር አቆጠቆጠ፤ ምርቱ ቢያንስም ለዘርና ለቤት ሆነ። ሳምንት ጠብቁ፣ የሞተው ሲለይ ቁረጡ፣ በመጠኑ አጠጡ።

7. ትኩሱ በጋ ሲገባ

ጥምቀት ካለፈ በኋላ ጉዝጓዙን መልሱ። አሁን ወዳጅ ነው። ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ይበቃል። የጤፍ ገለባ ለከብት ነው፤ ማን ጨክኖ መሬት ላይ ያፈሳል? የበቆሎ አገዳ ተቆራርጦ፣ ዘር ያልያዘ አረምና የስንዴ ገለባ ያገለግላሉ። ወደ ቆላው ምስጥ ስላለ አገዳውን ከግንዱ አርቁት።

ነፋሱን ለመስበር የባሕር ዛፍ መደዳ አትትከሉ፤ ካለም ከማሳው ራቅ ይበል። ሥሩ የምታጠጡትን ውሃ ይሻማል። የዝሆን ሣር፣ ሰስባንያ፣ ግራቪሊያ ይሻላሉ፤ ደጋ ላይ ትሪ ሉሰርን። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱና ትሪ ሉሰርን ለከብት መኖም ይሆናሉ።

ሙቀትና ድርቀት የሚወዱ ተባዮች አሁን ይመጣሉ። ሽንኩርት ላይ ትሪፕስ ነው። ቅጠሉ ላይ ብርማ ጭረት ካያችሁ የመሃሉን ለጋ ቅጠል ፈልቅቃችሁ እዩ፤ ቢጫ፣ እንደ ክር የቀጠኑ ነፍሳት ይሯሯጣሉ። የተጠማ ሽንኩርት ላይ ይብሳሉ። ቲማቲም ላይ ቀይ ሸረሪት መሰሏ ከቅጠሉ ሥር ድር ታደራለች፤ ቱታ አብሶሉታ የሚባለው ትል ደግሞ ቅጠሉን ውስጥ ለውስጥ ይቦረቡራል። ጎመን ላይ ክሽክሽ አለ። መድኃኒት ስትረጩ አንዱን ዓይነት ደጋግማችሁ አትጠቀሙ፤ ተባዩ ይለምደዋል። ከረጩ በኋላ እስኪነሳ ስንት ቀን መቆየት እንዳለበት ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል። ልጆቻችሁ የሚበሉት ነውና አንብቡት። የት እንደተገዛ የማይታወቅ፣ ስሙ የተላጠ ጠርሙስ አንድ ጊዜ ገዝቼ መደቤን ሙሉ አቃጥሎብኛል።

ውሃው ከዚህ በኋላም ካነሰ ለሁሉም እኩል አታካፍሉ። ደካማውን ጥግ ተዉትና ያማረውን አድኑ። ልብ ያማል፤ ግን እኩል ያጠጣ ሰው ሁሉንም እኩል ያጣል።

8. ሲነሳ

ሽንኩርቱ ቅጠሉን መጣል ሲጀምር ውሃ አቁሙ። ከግማሽ በላዩ ሲተኛ ንቀሉ። የአንዱ ቅጠል የሌላውን ኩርት እንዲከልል አድርጋችሁ ማሳው ላይ ጥቂት ቀን አድርቁት፤ አንገቱ ሳይደርቅ የተቆረጠ ሽንኩርት ጆንያ ውስጥ ይበሰብሳል። ድንቹን ከማንሳታችሁ 10 ወይም 15 ቀን በፊት ቅጠሉን እጨዱት፤ ልጣጩ ይጠነክራል። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ድንገት ዝናብ፣ ከነበረዶው ጭምር፣ ሊጥል ይችላል። ከሰዓት ሰማዩ ሲጠቁር የደረቀውን ሰብስቡ።

ከዚያ አንድ ሥራ ትቀራለች። ሚያዝያ ላይ፣ ዝናቡ ሳይጀምር፣ ባልዲዋን ይዛችሁ ወደ ምንጩ ተመለሱ። እኔ ቁጥሩን በር መቃኑ ላይ በከሰል እጽፈዋለሁ። አምና 16 ሰከንድ ነበር። ዘንድሮ 19 ሆኗል፤ ከላይ አንድ ጎረቤት አዲስ ሞተር ተክሏል። ጥቅምት ላይ ምንጩ ሲንፎለፎል ባለቤቴ መቃኑን በጣቷ ታሳየኛለች።